እመት ጃርትና ገጽ የሚውጠው ሰሌዳ

ተረቴ ደጅ ቆማለች። «ትግባ!» በሏት።

ትግባ ካላችሁ ቦታ ልቀቁላትና ስሙ።

ከድሮ ድሮ፣ አውሬውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር አንዲት ጃርት ትኖር ነበር። አገሩ «እመት ጃርት» ይላታል። ድሮ ነው አልኩ እንጂ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ነው አላልኩም። ኮምፒውተር ነበረ። እመት ጃርትም በመሻገሪያው ገበያ፣ ከዋርካው ሥር ጠረጴዛዋን ዘርግታ፣ ኮምፒውተሯን በፀሐይ በሚሠራ ባትሪ ላይ ሰክታ፣ ለእንስሳቱ ሁሉ ትጽፍ ነበር። የሠርግ ጥሪ ያለው ይመጣል። አቤቱታ ያለው ይመጣል። ልጅ የጠፋበት ይመጣል። እሷም ትጽፋለች፣ ታትማለች፣ ትሰጣለች።

የምትጽፈው «ሰሌዳ» በሚባል የመጻፊያ ፕሮግራም ነበር። ሰሌዳን የሠሩት ከተራራው ማዶ፣ በሸንበቆው መካከል የሚኖሩ ቢጫ ወፎች ናቸው። ቀን ጎጆ ሲሠሩ ውለው፣ በተረፋቸው ሰዓት፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ስንጥር ከስንጥር እንደሚያጠላልፉ አጠላልፈው ሠሩት። «ለሁሉም ይሁን፤ የፈለገ ይውሰደው፣ የፈለገም ፈትቶ ይየው» ብለው ለቀቁት። አገሩ ሁሉ ወሰደው። ወሰደና መረቃቸው። መረቃቸውና ረሳቸው።

ሰሌዳ ደግ ነበር። ፈጣን ነበር። አንድ ክፉ አመል ግን ነበረበት። አንዳንድ ጊዜ ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ፣ እመት ጃርት አራት ነጥቡን ስትነካ፣ ገጹን ከነጽሑፉ ይውጠዋል። ዋጥ! ምንም አይቀር። ሁልጊዜ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ ሁልጊዜ አይደለም። መቼ እንደሚውጥ አይታወቅም። ስለዚህ እመት ጃርት ዐረፍተ ነገር በጨረሰች ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች፣ እሾኋም ይቆማል።

አንድ ቀን ጅግራዎች ተሰብስበው መጡ። ሸለምጥማጥ እንቁላላቸውን በልቶባቸው ነበርና አቤቱታ ሊያስጽፉ ነው። እናቲቱ ጅግራ እያለቀሰች ተናገረች፤ እመት ጃርትም እያለቀሰች ጻፈች። ገጹ ሞላ። የመጨረሻውን አራት ነጥብ ነካች። ዋጥ!

«ሰሌዳ!» ብላ ጮኸች።

«አቤት እመቤቴ!»

«የጻፍኩት የት ገባ?»

«ዋጥኩት።»

«ትፋው!»

«አይተፋም። አንዴ ከዋጥኩት የለም።»

«ለምን ትውጣለህ?»

«እኔ መች ወድጄ! መንገዴ ላይ ጉድጓድ አለ። እዚያ ስደርስ እወድቃለሁ።»

«የቱ ጋ ነው ጉድጓዱ?»

«ምኑን አውቄ? ስወድቅ ዓይኔን እጨፍናለሁ» አለ ሰሌዳ።

እናቲቱ ጅግራ ከመጀመሪያው እንደገና ተናገረች። ሁለተኛ ሲነገር ግን እንባው አልመጣም። ነገሩም ደረቅ ሆነ። አቤቱታው ደረቀና ሰሚ አጣ፤ ሸለምጥማጡም በነጻ ተለቀቀ። እመት ጃርት ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም። ጠረጴዛዋን ስትዞር፣ ተመልሳም ስትዞር ዋለች።

በዚያ አገር መልእክት የምታመላልሰው እርግብ ነበረች። እመት ጃርት ጠራቻትና «ሂጂ፣ ለቢጫዎቹ ወፎች ንገሪልኝ» አለቻት። «ሰሌዳችሁ ይውጣል፣ አስተካክሉት በያቸው።»

እርግብ ሄደች፣ መጣች። መልሱን በአንገቷ ይዛለች። «እመት ጃርት፣ ጤና ይስጥልን። እኛ ጋ አይውጥም። አክባሪዎችዎ፣ ወፎቹ።»

«እኛ ጋ አይውጥም!» አለች እመት ጃርት። «እኛ ጋ አይውጥም! እኔ ታዲያ አሸዋ ላይ ነው የምጽፈው?»

ቆይቶ የድኩላው ልጅ ሠርግ ደረሰ። ጥሪው ተጻፈ፤ ተዋጠ። እንደገና ተጻፈ፤ እንደገና ተዋጠ። እመት ጃርት እርግብን ጠራቻት። «አሁን ደግሞ እንዲህ በያቸው፦ ይውጣል አልኩ፣ ይውጣል! ጆሮ የላችሁም?»

እርግብ ሄደች፣ መጣች። «እመት ጃርት፣ አዲሱ ሰሌዳ ወጥቷል። እርሱን ይሞክሩት። ወፎቹ።»

እመት ጃርት አዲሱን አስገባች። አዲሱ ሰሌዳ ዳር ዳሩ ሰማያዊ ነው። ሲከፈት እንደ ደወል ይጮኻል። ደስ አላት። አንድ ገጽ ጻፈች፣ አራት ነጥቡን ነካች። አዲሱ ሰሌዳ ደወሉን ደወለና ዋጠው። አሮጌው እንኳ ድምፅ ሳያሰማ ነበር የሚውጠው!

እመት ጃርት እሾኋ ተንቀጠቀጠ። እርግብን ጠራቻት። «እንግዲህ እንዲህ በያቸው፦ ሰነፎች! ግድ የለሾች! ዛፍ ላይ ተቀምጣችሁ የምትዘፍኑ!»

«እንደዚህማ አልልም» አለች እርግብ።

«እኔ ያልኩትን ማድረስ ነው ያንቺ ሥራ።»

እርግብ ሄደች። ቆየች። መጣች። «እመት ጃርት፣ ሰሌዳ ክፍት ነው። ከፈለጉ ፈትተው ራስዎ ያስተካክሉት» ይላል መልሱ። ከሥሩ ምንም የለም። ሰላምታም የለበትም።

ከፈተችው። ውስጡን አየች። ስንጥር በስንጥር ላይ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ ተጠላልፏል፤ መጀመሪያው አይታወቅ፣ መጨረሻው አይታወቅ። አንዱን ልትነካ ስትል እሾኋ በሌላው ተያዘ፤ ያን ልታላቅቅ ስትል ሦስተኛው ተያዘ። «እመቤቴ ተዪኝ፣ አመመኝ!» አለ ሰሌዳ። ዘጋችው።

ሌላ መጻፊያ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የአያ ጅቦ መጻፊያ ነበረ። ገጽ አይውጥም። ነገር ግን የጻፋችሁትን ሁሉ ጅቦ ዋሻው ውስጥ አስገብቶ ይቆልፍበታል፤ ማንበብ ስትፈልጉ ደጁ ሄዳችሁ ትለምናላችሁ። የአገሩን ምስጢር ለጅብ ማን ይሰጣል? እመት ጃርትም አልሰጠችም።

ታዲያ ምን አደረገች? አንድ ቀን፣ መዋጡ ሲያንገበግባት፣ «አራት ነጥብ ነው አይደል የሚያስውጠኝ?» አለች። «እንግዲያውስ አራት ነጥብ አልጽፍም!»

ሰሌዳ መለሰ፣ «እመቤቴ፣ አራት ነጥብ ከሌለ ነገሩ የት ላይ ያልቃል?»

«አንባቢው ያውቀዋል።»

ከዚያ ወዲያ አራት ነጥብ መንካት ተወች። ሰሌዳም አልዋጠም። እመት ጃርት እፎይ አለች። ጥሪው ይወጣል፣ አቤቱታው ይወጣል፣ ሁሉም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። የድኩላው ልጅ የእንኳን ደስ ያለህ መልእክቱን በሰው ፊት ሲያነብ ማረፊያ አጣና ትንፋሽ አጥሮት ተቀመጠ። እንግዶቹ ሳቁ። እመት ጃርትም ሳቀች። ለማንም ግን ነጥቡን መተዋን አልተናገረችም። ማን ጠይቋት!

ክረምት ገባ።

የመሻገሪያው ጠባቂ አባ ጉማሬ ነበር። ውኃውን በሆዱ ያውቀዋል፤ ማንበብ ግን አያውቅም። አንድ ጠዋት ከወንዙ ውስጥ እየተቻኮለ ወጣና ወደ ዋርካው መጣ። በገበያው ላይ ፀሐይ ነው። በላይ፣ በተራሮቹ ራስ ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል።

«እመት ጃርት፣ ቶሎ ጻፊልኝ! በትልቁ ጻፊው። ዝናብ አለ። ዛሬ አትሻገሩ። ነገ ተሻገሩ። እሱን ለጥፊልኝ፤ እኔ ከወንዙ በታች ላሉት ልናገር ልውረድ።»

ነገሩ ከባድ ነውና እመት ጃርት እንደ ደንቡ ልትጽፈው ፈለገች። በትልልቅ ፊደል ጻፈች። አራት ነጥብ ነካች። ደወሉ ጮኸ። ዋጥ!

«ምን ትጠብቂያለሽ? ውኃው አይጠብቅሽም!» አለ አባ ጉማሬ መሬቱን በእግሩ እየደበደበ።

እመት ጃርት እንደ ልማዷ ጻፈችው። *ዝናብ አለ ዛሬ አትሻገሩ ነገ ተሻገሩ።* እንዳትሳሳቱ፣ መጨረሻው ላይ ያለውን ነጥብ እኔ ነኝ ያስገባሁት፤ እሷ አላስገባችም። አተመችው፣ በመሻገሪያው ግንድ ላይ ለጠፈችው። አባ ጉማሬም ወደ ታች ወረደ።

ጥቂት ቆይቶ አህይት ከነውርንጭላዋ መጣች። ቤቷ ከወዲያ ማዶ ነው። ወንዙን አየች፤ ጎድሏል። ወረቀቱን አየች። ቆማ አነበበች፤ ማረፊያ የለውምና በራሷ ትንፋሽ እያሳረፈች አነበበች።

«ዝናብ አለ ዛሬ። አትሻገሩ ነገ። ተሻገሩ።»

«እሰይ!» አለች አህይት። «ነገ ሳንል አሁኑኑ ተሻገሩ ማለቱ ነው። ና ልጄ፣ ሳይሞላ እንለፍ።»

እመት ጃርት ቀና ስትል ሁለቱ መሀል ወንዝ ደርሰዋል። «ተመለሺ!» አለች። በዚያው ቅጽበት ጎርፉ መጣ። ግንድ ይዞ፣ ድንጋይ ይዞ፣ ተራራውን ጠርጎ መጣ። አህይት በአራት እግሯ ታግላ ወዲያ ማዶ ወጣች። ውርንጭላው ግን የለም። ተወሰደ።

«ልጄን! ልጄን!»

እመት ጃርት በወንዙ ዳር ሮጠች። የምታደርገው ነገር የለም፤ ብቻ ሮጠች። ከታች፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት፣ አባ ጉማሬ ለታችኞቹ ሲናገር ነበር። አንድ ጥቁር ነገር ሲመጣ አየ። ግንድ መሰለው። ግንዱ ሲጮኽ ሰማ። ወደ ጎርፉ ገባ፣ በጀርባው አገደው፣ እየገፋ አወጣው። ውርንጭላው ነፍሱ አለች። የፊት እግሩ ግን ድንጋይ መትቶት ተሰብሮ ነበር።

በማግስቱ ወንዙ ሲጎድል አህይት ተሻግራ መጣች። ልጇን ላሰች። ከዚያም ወደ እመት ጃርት ዞረች። አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ይሻል ነበር።

«እንደ ጻፍሽው አደረግሁ» አለች።

«ጥፋቱ የወፎቹ ነው!» አለች እመት ጃርት። «ሰሌዳው ይውጣል። ነጥብ አያስነካም። ስንቴ ነገርኳቸው! ስንቴ!»

«እኔ ወፍ አላውቅም። የማውቀው አንቺን ነው። ለእኔስ ነግረሽኝ ነበር? ነጥብ እንደማትጽፊ ነግረሽኝ ነበር?»

እመት ጃርት ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች።

«ጀርባሽ ላይ ይህ ሁሉ እሾህ አለ» አለች አህይት። «በአንዱ ቀለም ነክረሽ፣ አራት ነጥቡን በእጅሽ ማድረግ አቃተሽ?»

አህይት ልጇን ደግፋ ሄደች። እመት ጃርት ተቀመጠች፤ መቀመጥ አልቻለችም። ተነሣች፤ መቆም አልቻለችም። ኮምፒውተሯን በጨርቅ ጠቅልላ በጀርባዋ አዘለችና ወደ ተራራው መንገድ ጀመረች። መንገዱን ሁሉ የምትሳደበውን ታጠና ነበር። አንዱን ስድብ ታነሣለች፣ «አይ፣ ይህ ያንሳቸዋል» ትላለች፣ ሌላ ትፈልጋለች። ሰሌዳ ከጀርባዋ ሆኖ «እመቤቴ፣ ቀስ በይ፣ እየተንገጫገጭኩ ነው» ይላል። እሷ ግን አትሰማም። ስድቡ ሲያልቅባት የአህይት ቃል ይመጣባታል፤ ያን ላለመስማት ስድቡን እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

በቀትር ከሸንበቆው ደረሰች።

«ወፎቹ የት አላችሁ? ውጡ!»

አንድ ቢጫ ወፍ ብቅ አለ። ላባው ተንጨባሯል። በአፉ ስንጥር ይዟል። ከኋላው ግማሹ ብቻ የተሠራ ጎጆ አለ፤ ጫጩቶቹ በቅጠል ተሸፍነው ውስጡ ይንጫጫሉ።

«ማን ልበል?» አለ።

«ጃርት ነኝ! ሌሎቹን ጥራቸው። ለሁሉም ነው የምናገረው።»

«ሌሎች የሉም።»

«እንዴት የሉም? ‹ወፎቹ› እያላችሁ ትጽፉልኝ የለም ወይ?»

ወፉ ስንጥሩን ከአፉ አወረደ። «ስንጀምር ብዙ ነበርን። አንዱ ጎጆ ወጣ። አንዷ ከመንጋው ጋር ሄደች። አንዱ ስድብ በዛብኝ ብሎ ተወው። እኔ ቀረሁ። ‹ወፎቹ› እያልኩ የምጽፈው እኔ ነኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እመት ጃርት ታዝን ነበር። ያን ዕለት ግን ንዴቷ እንድታዝን አልፈቀደላትም። «ብቻህን ሆንክም ብዙ፣ የአህያዋ ልጅ እግር ተሰብሯል!» አለች። ሁሉንም ነገረችው። ጅግራዋን ነገረችው፣ ሠርጉን ነገረችው፣ ጎርፉን ነገረችው።

ወፉ ደነገጠ። ከዚያ ተቆጣ፤ «እርስዎ» ማለቱንም ተወው። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ይውጣል፣ ይውጣል፣ ይውጣል! ሦስት ጊዜ ላክሽብኝ፣ መጨረሻውም ስድብ ሆነ! ምን ስትጽፊ እንደሚውጥ ነግረሽኛል? አንድ ጊዜ እንኳ? የእኔ ልጆች ዝናብ ላይ ናቸው። ስንጥሩን ለጎጆዬ ላድርገው ወይስ ለሰሌዳ?»

«እኔ ጋ አይውጥም ያልከኝስ?»

«አይውጥማ!»

«ይውጣል!»

«አይውጥም! ነይ፣ እይው!»

ወፉ ከጀርባዋ ያወረደችውን ኮምፒውተር ከፈተና ጻፈ። *ፀሐይ ወጣች።* አልዋጠም። *ልጆቼ ነቁ።* አልዋጠም። ሰሌዳም «ደህና ነኝ» አለ።

እመት ጃርት አፏ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያም ሳቋ መጣ፤ ደስታ የሌለበት ሳቅ ነበር። «ይኸው ነው የምትጽፈው?»

«ወፍ ምን ረጅም ነገር አለው?»

«ቆይ» አለች። ተቀመጠችና የእናቲቱን ጅግራ አቤቱታ ከልቧ አውጥታ ጻፈች። መስመሩ ረዘመ፣ ረዘመ፣ ከገጹ ዳር ደረሰ። ነገሩም እዚያው ዳር ላይ አለቀ። አራት ነጥብ ነካች። ደወሉ ጮኸ። ዋጥ!

ወፉ ዘሎ ከቅርንጫፉ ወረደ። «ድገሚው!»

ደገመችው። ዋጥ።

«አሁን አንድ ቃል ቀንሺ።»

ቀነሰች። ነጥቡ ከዳር ራቀ። አልዋጠም።

ሁለቱም ተያዩ።

«ዳር ላይ ነው» አለ ወፉ ቀስ ብሎ። «ነጥቡ ከገጹ ዳር ሲገጥም ነው። እኔ ዳር ደርሼ አላውቅም።»

«እኔም ዳር መሆኑን አይቼ አላውቅም» አለች እመት ጃርት። «ሁልጊዜ ያኔ እየጮኽኩ ነው የምገኘው።»

«እዚያ ጋ ነው! ጉድጓዱ እዚያ ጋ ነው!» አለ ሰሌዳ።

ወፉ ሰሌዳን ፈታው። ጫፍ ላይ አንዲት ስንጥር ሳትታሰር ቀርታ ነበር። ሊያስራት ሲል ሌሎች ሦስት ተፈቱ። እመት ጃርት እሾኋን ሰብስባ ጫፉን ያዘችለት፤ እሱም አሰረ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጨረሱ። ጻፉበት፤ አልዋጠም። ከዳር አደረሱት፤ አልዋጠም። ነገር ግን ድርብ ሰረዝ ሲነኩ አሁን ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል።

ወፉ ክንፉን ጣለ። «ይኸው! አንዱን ሳስር አንዱ ይፈታል። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው።»

«ይኸኛው ሰው አያሰጥምም» አለች እመት ጃርት። «አንተ አሁን ጎጆህን ሥራ። ድርብ ሰረዙን ለሚያስጽፈኝ ሁሉ አስቀድሜ እናገራለሁ። አንተም ለጠየቀህ ተናገር፤ ‹ብቻዬን ነኝ›ም በል። ‹ወፎቹ› አትበል። ብዙ መስለኸኝ ነበር እኮ እንደዚያ የሰደብኩህ።»

ወፉ ትንሽ አሰበ። «አንድም ብሆን እንደዚያ አይሰደብም» አለ።

«አዎ» አለች። «አይሰደብም።»

ስትመለስ የገበያ ቀን ነበር። አዲስ ማስታወቂያ አተመች። ነጥቦቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። በመሻገሪያው ግንድ ላይ ለጠፈችው። አህይት መጣች። ውርንጭላው እያነከሰ ከኋላዋ ይከተላል። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ከዚያም ወደ ወንዙ ዞራ ተጣራች።

«አባ ጉማሬ! ዛሬ መሻገር ይቻላል?»

እመት ጃርት እሾኋ ቆመ። «ተጽፏል እኮ! ተስተካክሏል! አሁን አይውጥም፣ እኔ ራሴ ሄጄ…»

«አንብቤዋለሁ» አለች አህይት። «ካነበብኩ በኋላ ግን እጠይቃለሁ። ከእንግዲህ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።»

እመት ጃርት የምትመልሰው ነበራት። ብዙ ነበራት። የውርንጭላውን እግር አየችና እሾኋ ተኛ።

«ጠይቂ» አለች። አብራትም ወደ ውኃው ዳር ወርዳ፣ አባ ጉማሬ ከውኃው እስኪወጣ ከጎኗ ቆመች።

እንግዲህ ስሙ። የብዙዎች የሆነ ዕቃ ሲበላሽ፣ ከሩቅ የሚጮኽም አያስተካክለውም፣ ከሩቅ «እኔ ጋ ደህና ነው» የሚልም አያስተካክለውም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ቁጭ ብለው ያዩት ዕለት ነው የሚስተካከለው። ብልሽቱን እያወቀ ሸፋፍኖ ለሌላው ያሳለፈም፣ ባይሠራውም ጥፋቱ የእሱ ነው። ዕቃውም ቶሎ ይጠገናል፤ ያመነ ልብ ግን ይዘገያል።

እኔ ያለኝን ተናገርኩ። የጎደለውን የሰማ ይጨምርበት።